ከብዶ ስድስት ወይስ ቀሎ ሃያ አምስት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ብረት መሥራት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ቤንች ላይ ተጋድሞ 70 ኪሎ ከደረቱ ወደ ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ገፍቶ ያስቀምጣል። እኔ ትከሻዬን እንዳልጎዳ ስለምፈራ በ40 ኪሎ ሃያ ጊዜ እሠራለሁ። እሱ ቀላል ብረት ላብ እንጂ ጡንቻ አያወጣም ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ከባድ ለጉልበት፣ ቀላል ለቅርጽ ነው ይላል። ደረቴም ክንዴም ከመስቀል ወዲህ እምብዛም አልተለወጠም። ማንን ልስማ?»

መልስ፦ ማንን እንደምትሰማ ከመናገሬ በፊት በደብዳቤህ ውስጥ ያላገኘሁትን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሃያኛውን ገፍተህ ብረቱን መደገፊያው ላይ ስታሳርፍ፣ አንድ ሰው አጠገብህ ቆሞ «እስኪያቅትህ ቀጥል» ቢልህ ስንት ጊዜ ትጨምር ነበር? ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ጓደኛህ የሚልህ ነገር ብዙም አይመለከትህም። አሥር ወይም አሥራ አምስት ከሆነ ግን ደረትህ ያልተለወጠበት ምክንያት እዚያው ነው፤ ጡንቻህ ሥራው ሳይጠናበት እያረፈ ነው ማለት ነው።

«ከባድ» እና «ቀላል» የሚባሉት ቃላት ብቻቸውን ብዙ አይነግሩንም። 40 ኪሎ በገበያ ቀን ኩንታል ሲያወርድ ለሚውል ሰው ሌላ ነው፣ ከቢሮ ወንበር ተነሥቶ ለሚመጣ ሰው ሌላ ነው። ስለዚህ ክብደት የሚለካው አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሣው ከሚችለው ትልቁ ክብደት አንጻር ነው። ይህን ለማወቅ ደረትህን ለአደጋ ሰጥተህ መሞከር አያስፈልግህም፤ አሠራርህ ሳይበላሽ አሥር ጊዜ ገፍተህ አሥራ አንደኛው የሚያቅትህን ክብደት ፈልግና ሲሶውን ጨምርበት። ለምሳሌ ያ ክብደት 54 ኪሎ ቢሆን የ54 ሲሶ 18 ነውና የአንድ ጊዜ አቅምህ ወደ 72 ኪሎ ይጠጋል። በዚህ ስሌት አሁን የምትሠራበት 40 ኪሎ ከአቅምህ 55 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስሌቱ ግምት እንደ መሆኑ መጠን ጥቂት ኪሎ ሊስት ይችላል፤ ከአሥር ጊዜ በላይ ለሚደጋገም ክብደትም አይታመንም፤ ነገር ግን የት እንደቆምክ ለማወቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ጡንቻው እንግባ። ጡንቻ አንድ ወጥ ሥጋ ሆኖ አይሠራም፤ ክሮቹ በቡድን በቡድን ተከፍለው እያንዳንዱ ቡድን በአንድ የነርቭ ሕዋስ ይታዘዛል። የሃርቫርዱ ተመራማሪ ኤልውድ ሄኔማን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ባወጣቸው ሥራዎች እንዳሳየው እነዚህ ቡድኖች የሚጠሩት በተርታ ነው፤ በትንንሽ የነርቭ ሕዋሳት የሚታዘዙት ይቀድማሉ፣ በትልልቆቹ የሚታዘዙት ጉልበተኞች ይከተላሉ። ደቦ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ሥራው ቀላል ከሆነ የቤቱ ልጆች ይጨርሱታል፤ ለጎረቤት ጎበዛዝት የሚላከው ሥራው ሲገፋና ልጆቹ ሲደክሙ ነው። ጓደኛህ 70 ኪሎውን ሲያነሣ ሥራው ከመጀመሪያው ከባድ ስለሆነ ጎበዛዝቱ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ይጠራሉ። አንተ በ40 ኪሎ ስትጀምር ግን ትንንሾቹ ይበቃሉ፤ ጎበዛዝቱ የሚመጡት ትንንሾቹ እየደከሙ ሲሄዱ፣ ማለትም ወደ መጨረሻዎቹ ድግግሞሾች ላይ ነው። ለማደግ ሰፊውን ዕድል የያዙት ደግሞ እነዚሁ ዘግይተው የሚጠሩት ናቸው። እነርሱ ሳይጠሩ ብረቱ ከተቀመጠ ላቡ ይፈስሳል፣ ክንዱ ግን ባለበት ይቆያል።

ድግግሞሽ ብቻውን ጡንቻ እንደማያሳድግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም። ከዘጌ አቅጣጫ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው ወደ ከተማ የሚቀዝፉትን ሰዎች ማለዳ ሐይቁ ዳር ቆመህ ተመልከት። ቀዘፋው ለሰዓታት ይዘልቃል፤ ትከሻቸው ግን ቀጭንና ጽኑ ነው እንጂ የተቆለለ አይደለም። እያንዳንዱ ቀዘፋ ከአቅማቸው ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሚጠይቅ ሰውነታቸው የሰጠው ምላሽ ጽናት ነው፤ ለዚያ ሥራም የሚያስፈልጋቸው እርሱ ነው።

ጓደኛህ ግን «ቀላል ብረት ጡንቻ አያወጣም» ሲል ተሳስቷል፤ ይህ በሚገባ ተፈትኗል። በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት፣ ከዚያ በፊት ብረት ሠርተው የማያውቁ ወጣት ወንዶች ለ10 ሳምንታት በእግራቸው ሠርተዋል፤ አንዳንዱ እግር ከአቅሙ 30 በመቶ በሆነ ክብደት፣ ሌላው በ80 በመቶ፣ ሁለቱም ሦስት ሦስት ዙር (በመካከል እያረፉ)፣ ሁለቱም እስኪያቅታቸው ድረስ። የጭን ጡንቻቸው ሲለካ በሁለቱም በኩል በ7 በመቶ ገደማ አድጎ ተገኘ። ብዙዎች «ይህ ለጀማሪ ነው» ብለው ስለተከራከሩ እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሥራው ልምድ ባላቸው 49 ወንዶች ላይ ለ12 ሳምንታት ሌላ ጥናት ተደረገ፤ ግማሾቹ በ20 እና 25 ድግግሞሽ መካከል፣ ግማሾቹ በ8 እና 12 መካከል ሠሩ፤ የጡንቻ እድገታቸው አሁንም ተቀራራቢ ሆነ። ወደ ታች ግን ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 በብራዚል የወጣ ጥናት 20 በመቶን ከ40፣ ከ60 እና ከ80 በመቶ ጋር ሲያወዳድር፣ ከ40 ወደ ላይ ያሉት እኩል ሲያድጉ በ20 በመቶ የሠራው የጭን ጡንቻ ያደገው ከእነርሱ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። እኔ ለሰልጣኞቼ ከ30 በመቶ በታች እንዳይወርዱ የምነግራቸው በዚህ ምክንያት ነው። አንተ በምሳሌው ስሌት በ55 በመቶ ገደማ የምትሠራ ከሆነ ክብደትህ አላነሰም፤ ያነሰው እስኪያቅትህ ድረስ የምትሄድበት ርቀት ነው።

ያ ርቀት ምን እንደሚመስል ካላየኸው ልንገርህ። በቅርቡ በምሠራበት አዳራሽ እንዳንተ «ሃያ ይበቃኛል» የሚል ልጅ ነበርና አጠገቡ ቆሜ ቆጠርኩለት። እስከ አሥራ ሁለት ድረስ ብረቱ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ በአንድ ፍጥነት ይወጣና ይወርድ ነበር። አሥራ አራት ላይ ፊቱን አጨማደደና «አቃጠለኝ፣ በቃኝ» አለ፤ ብረቱ ግን ፍጥነቱን ገና አልቀነሰም ነበር። «ቀጥል» አልኩት። ሃያ ሦስት ላይ በሙሉ ኃይሉ እየገፋ ብረቱ ከደረቱ ሲነሣ መዘግየት ጀመረ፤ ሃያ አምስት ላይ የግራ ክንዱ ከቀኙ ኋላ ቀረ፤ ሃያ ሰባተኛው መንገድ ላይ ለአፍታ ቆሞ በጭንቅ ወጣ። እጄ ብረቱ ሥር ነበርና እዚያ ላይ አስቆምኩት። ማቃጠሉ የመጣው አሥራ አራት ላይ ነው፣ ብረቱ የዘገየው ሃያ ሦስት ላይ ነው፤ ለጡንቻው እድገት የሚቆጠሩት በአመዛኙ ከዚያ በኋላ የመጡት ናቸው። ስለዚህ ማቃጠልን ምልክት አታድርገው። እየገፋህ ሳለ ብረቱ በራሱ ሲዘገይ ወደ መጨረሻው እንደተጠጋህ እወቅ።

የጓደኛህ ንግግር ትክክል የሚሆንበት ቦታ ጉልበት ነው። ክርክሩ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ቶማስ ደሎርም የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በቺካጎ በሚገኝ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የጉልበት መገጣጠሚያቸው የተጎዳ ወታደሮችን ሲያክም፣ በጊዜው የተለመደውን ቀላል ክብደት ብዙ ጊዜ የማንሣት ልምምድ ትቶ አሥር ጊዜ ብቻ የሚነሣ ከባድ ክብደት እያስነሣ፣ በየጊዜውም እየጨመረ አጠነከራቸው። ዛሬ በየአዳራሹ የሚሠራበት የአሥር ድግግሞሽ ልማድ የመጣው በአብዛኛው ከእርሱ ነው። ከባድ ማንሣት የሚችል ሰው መሆን ከፈለግህ ከባድ ማንሣትን መለማመድ አለብህ፤ ነርቭህ ጡንቻዎቹን በአንድ ጊዜ መጥራትን፣ ሰውነትህም ከባዱን ሚዛን መጠበቅን የሚማረው በዚያው ክብደት ላይ ነው። በ2012ቱ ጥናት የእግሮቹ ጡንቻ እኩል ቢያድግም፣ አንድ ጊዜ በማንሣት ሲፈተኑ ብልጫ ያሳዩት በ80 በመቶ የሠሩት ነበሩ።

ሁለቱም መንገዶች ዋጋ ያስከፍላሉ። ከባዱ በዙሮች መካከል ሁለት ሦስት ደቂቃ ዕረፍት፣ በቂ ማሟሟቂያና ቤንች ላይ ከሆነ ደግሞ የግድ አንድ ሰው አጠገብ ይፈልጋል፤ ብቻህን ከሆንክ 70 ኪሎ ደረትህ ላይ ሲወድቅ የሚያነሣልህ የለም። ቀላሉ ለመገጣጠሚያ ለስለስ ይላል፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ሲወሰድ ከባዱን ያህል፣ በእኔ አመለካከት እንዲያውም ከእርሱ በላይ፣ ያስጨንቃል። ቁጢጥ ብሎ መነሣትን በቀላል ክብደት ሠላሳ ጊዜ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ጭኑ ሳይደክም ትንፋሹ ያልቅበታል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ፣ በመጋቢት ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲሆን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለዚህ ነው እንደ ቁጢጥ ብሎ መነሣትና ብረትን ከመሬት ማንሣት ያሉትን ሙሉ ሰውነት የሚጠይቁ እንቅስቃሴዎች ከስድስት እስከ አሥር በሚያስደግም ክብደት፣ እንደ ክንድና የትከሻ ጎን ያሉትን ትንንሾቹን ደግሞ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ አምስት በሚያስደግም ክብደት እንዲሠሩ የምመክረው።

ስለዚህ ለአንተ የምለው ይህ ነው። ትከሻህ የሚያምህ ከሆነ አስቀድመህ ሐኪም ይየው። የምትፈራው ብቻ ከሆነና ምንም ሕመም ከሌለህ 40 ኪሎህን አትጣለው፤ ነገር ግን ሃያን መቁጠር ተውና እስኪያቅትህ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሲቀርህ አስቀምጥ። በሳምንት ሁለት ቀን ቤንች የምትሠራ ከሆነ በአንደኛው ቀን በዚህ ሥራ፣ በሌላው ቀን ጓደኛህ አጠገብህ ቆሞልህ ስምንት ጊዜ በሚያስደግምህ ክብደት ሦስት ዙር ሥራ፤ ክርንህን ወደ ጎን እስከ ጥግ አትክፈተው። በከባዱ ቀን ሁለት ወይም ሦስት ሲቀርህ ብታቆምም ትርፍህ አይጎድልም፤ በቀላሉ ቀን ግን ቀድሞ ማቆም ልፋትህን ያስቀርብሃል። የሠራኸውን ደብተር ላይ ጻፍ። ካለፈው ሳምንት አንድ ድግግሞሽ ወይም ሁለት ኪሎ ተኩል የሚጨምር ሰው በዓመት ውስጥ ሌላ ሰው ይሆናል።

«ቀላል ለቅርጽ» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ቅርጽ የሚባለው ጡንቻው ሲያድግና ከላዩ ያለው ስብ ሲቀንስ የሚታየው ነው፤ ስቡ የሚቀንሰው በአመጋገብ ነው፣ በድግግሞሽ ብዛት አንድ ቦታ ላይ ያለ ስብ አይቀልጥም። ምግብህን አልጻፍክልኝም፤ ለማደግ የሚሠራ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኝ ይበቃዋል። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 104 ግራም ነው፤ ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከእንቁላልና ከጣና ቆሮሶ ይሞላል።

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 58 ነው፤ የምኖረው ሽምብጥ ነው። ሐኪም አጥንትሽ ሳስቷል፣ ስፖርት ሥሪ ብሎኛል። ልጄ አንድ አንድ ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ደምቤሎች ገዝታልኝ ጠዋት ጠዋት አነሣለሁ። ጎረቤቶቼ በዚህ ዕድሜ ከባድ ነገር ማንሣት ወገብ ይሰብራል ይሉኛል። አንድ ኪሎው በቂ ነው? የደም ግፊትም አለብኝ፤ መድኃኒት እወስዳለሁ።»

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ያደረገችው በጎ ነገር ነው፤ ጠዋት ተነሥተው መንቀሳቀስዎም ይጠቅምዎታል። ነገር ግን አንድ ኪሎ ለአጥንትዎ አይበቃም። እርስዎ በወጣትነትዎ ውኃ የሞላ እንስራ ያዘሉ፣ አሁንም ቢሆን አሥር ሊትር ጀሪካን ከቧንቧ ወደ ማድ ቤት የሚወስዱ ሰው ይመስሉኛል፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነውና ያ ጀሪካን ከደምቤልዎ አሥር እጥፍ ይመዝናል። አጥንት ከለመደው በላይ የሆነ ጭነት ሲያርፍበት ነው ራሱን የሚያጠነክረው፤ የለመደውን ቢደጋግሙለት አይሰማውም። እዚህ ላይ ጉዳዩ ከወጣቱ ጡንቻ ይለያል፤ ጡንቻ ቀላልም ከባድም ይስማማዋል፣ አጥንት ግን ወደ ከባዱ ያደላል።

በአውስትራሊያ ግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ለእርስዎ የተጻፈ ያህል ነው። የወር አበባቸው የቆመና አጥንታቸው የሳሳ 101 ሴቶች በሁለት ተከፍለው ለ8 ወራት ሠሩ። ግማሾቹ ቤታቸው ውስጥ ቀላል ክብደት ይዘው፣ ግማሾቹ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ለ30 ደቂቃ፣ ባለሙያ ከላያቸው ሳይለይ፣ ከአቅማቸው 85 በመቶ በሚሆን ክብደት በአምስት በአምስት ድግግሞሽ ሠሩ። ከባዱን የሠሩት የወገባቸው አጥንት ጥግግት በ2.9 በመቶ ሲጨምር የሌሎቹ በ1.2 በመቶ ቀነሰ። ከከባዱ ቡድን የተመዘገበው ጉዳት አንድ ቀላል የወገብ መያዝ ብቻ ነበር። ጎረቤቶችዎ የሚፈሩት ከባድነቱን ነው፤ እኔ የምፈራው ሳይማሩ ማንሣትን ነው። እነዚያ ሴቶች የመጀመሪያውን ወር ያሳለፉት በቀላል ጭነት አነሣሡን በመማር ነበር።

ስለዚህ ይህን ያነበቡ ዕለት ጀሪካኑን ይሙሉት አልልዎትም። አስቀድመው ሐኪምዎን ከባድ ክብደት ማንሣት እንዲፈቅድልዎ ይጠይቁት፤ ከዚህ በፊት የወገብ አጥንት ተሰብሮብዎ ከሆነ ወይም ግፊትዎ ገና ካልተረጋጋ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከፈቀደልዎ በመጀመሪያ እጅዎን ሳይጠቀሙ ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥን በአሥር በአሥር ይልመዱ። ያ ሲቀልልዎ አምስት ሊትር ጀሪካን ደረትዎ ላይ አቅፈው ይነሡ፤ ቀጥሎ አሥር ሊትሩን በእግሮችዎ መካከል አስቀምጠው፣ ወገብዎ ሳይጎብጥ ከዳሌዎ አጥፈው ከመሬት ያንሡ። ሲያነሡ ትንፋሽዎን አይያዙ፤ ሲነሡ ያስወጡት፣ ሲወርዱ ያስገቡት፤ ትንፋሽ ይዞ መግፋት የደም ግፊትን ለጊዜው በጣም ይጨምራል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ግን ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ልጅዎ ደምቤል የገዛችበትን ልብ ይዛ ጥሩ አሰልጣኝ ትፈልግልዎ። ዕድሜዬ አልፏል ብለው ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንታት በከባድ ክብደት ሠርተው የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። እርስዎ ገና 58 ነዎት።

ጥያቄ፦ «የፖሊ ግቢ ተማሪ ነኝ። ለጂም የሚከፈል ገንዘብ የለኝም። ያለን ሁለት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ የተሠራ አንድ ብረት ብቻ ነው፤ አሁን በጣም ቀሎኛል። ሲሚንቶ ልጨምርበት?»

መልስ፦ ከመጨመርህ በፊት ወደ አንድ እህል ነጋዴ ወስደህ መዝነው፣ እያንዳንዱን ጫፍም ለየብቻ። እንዲህ ያለ ብረት በሚዛን ላይ አድርጌ አንደኛው ጣሳ ከሌላው በኪሎ ተኩል በልጦ ያገኘሁበት ጊዜ አለ፤ ልጁ ለወራት ቀኝ ትከሻውን ሲያሳምመው የከረመው ለዚህ ነበር። ሚዛኑ እኩል ከሆነ ሲሚንቶ መጨመሩ የግድ አይደለም፤ ያለህን ክብደት ማክበድ ትችላለህ። ሲወርድ አራት እስክትቆጥር ቀስ ብለህ አውርደው፣ ከታች አንድ ጊዜ አቁመው፣ ከዚያ አንሣው። ለእግርህ የኋላ እግርህን አልጋ ጠርዝ ላይ ሰቅለህ በአንድ እግር ቁጢጥ በል፤ ያው ብረት በአንድ እግር ላይ ሲያርፍ ሌላ ብረት ይሆናል። ፑሽ አፕ ከሠላሳ ካለፈልህ መጻሕፍትህን ቦርሳ ውስጥ ጨምረህ ጀርባህ ላይ እዘለው። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ወይም ሁለት ሲቀርህ እስካቆምክ ድረስ ጡንቻህ ጣሳው ውስጥ ያለው ሲሚንቶ ይሁን ከውጭ የመጣ ብረት አያውቅም። ጣሳው ብረቱ ላይ እንዳይላቀቅ ግን በየሳምንቱ አወዛውዘህ ፈትሸው፤ ሲሚንቶው መሰንጠቅ ከጀመረ ከራስህ በላይ አታንሣው።